ባትሪው ፎርጅድ ነበር ወይስ እኛ ገደልነው?

ማታ መብራት ሲጠፋ ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ድምፅ ይሰማል። አንዱ የልጆች ጩኸት ነው። ሌላው ከየቤቱ የሚወጣው የኢንቨርተር፣ የባትሪን ኃይል ወደ ሶኬት ኃይል የሚቀይረው ሳጥን፣ ጢጥ ጢጥታ ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጢጥታው ይፈጥናል፤ ከዚያ ጭራሽ ዝም ይላል። በማግስቱ ባለቤቱ ደጅ ላይ ቆሞ “ፎርጅድ ባትሪ ሸጡልኝ!” ሲል ትሰሙታላችሁ።

እኔም ብዬዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባለ 100 አምፔር ባትሪና “2000 ዋት” የሚል ኢንቨርተር ገዝቼ አስገጠምኩ። ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ አምፖል፣ ዋይፋይ፣ ምኑ ቅጡ፣ ያለኝን ሁሉ ሰካሁበት። ስምንት ወር ሳይሞላው ባትሪው ፍሪጁን አምስት ደቂቃ እንኳ መያዝ አቃተው። ሻጩ ጋ ሄጄ ተጨቃጨቅኩ። በኋላ ሙያውን የሚያውቅ አንድ ኤሌክትሪሺያን ቤት መጣ። ሽቦውን በእጁ ዳሰስ ዳሰስ አደረገ፣ በቴስተር ለካ፣ ከዚያ “ባትሪው ደህና ነበር። የገደልከው አንተ ነህ” አለኝ። ደሜ ፈላ። ግን ልክ ነበር።

እሱ ያስረዳኝን፣ ከዚያ ወዲህም እያነበብኩና ራሴ እየሞከርኩ የደረስኩበትን በቀላሉ ላስቀምጠው።

ግድቡ ተመርቆ መብራት ለምን ይጠፋል?

ይህን ጥያቄ በየቀኑ ስለምሰማው ቶሎ ልለፈው። ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ነገር ግን ኃይል ማመንጨትና ኃይሉን ቤት ድረስ ማምጣት ሁለት ሥራ ነው። መሥሪያ ቤቶቹም ሁለት ናቸው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ በትልልቆቹ መስመሮችም ያስተላልፋል። ወደየቤቱ የሚያከፋፍለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ግድቡ ጢም ብሎ ሞልቶም የሰፈራችሁ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ወይም ምሰሶ ከወደቀ ቤታችሁ ይጨልማል። ስለዚህ ባትሪ ገዢው አልቀነሰም።

ባትሪው ላይ የተጻፈው ቁጥር ምን ይነግረኛል?

ጣሪያ ላይ የተሰቀለውን ሮቶ አስቡ። ስንት ሊትር ይይዛል የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። በቧንቧው በአንድ ጊዜ ምን ያህል ይወርዳል የሚለው ሌላ ነው። ምን ያህል ከፍ ብሎ ተሰቅሏል የሚለው ደግሞ ሦስተኛ።

ቮልት ከፍታው ነው፤ የሚገፋው እሱ ነው። አምፔር በቧንቧው የሚወርደው መጠን ነው። ሁለቱ ሲባዙ ዋት ይመጣል። ዋት ማለት እቃው በዚያች ቅጽበት የሚጠይቀው ጉልበት ነው። የሮቶው ሊትር ደግሞ ዋት ሰዓት ይባላል። ግራ የሚያጋባው አብዛኛው ባትሪ ላይ ይህ ቁጥር በጉልህ አለመጻፉ ነው። የሚጻፈው አምፔር ሰዓት ነው። እኛ ደግሞ “ሰዓት” የምትለዋን እንተዋትና “ባለ መቶ አምፔር” እንላለን።

ስሌቱ ቀላል ነው። 12 ቮልት ሲባዛ በ100 አምፔር ሰዓት 1200 ዋት ሰዓት ይሆናል። 100 ዋት የሚበላ እቃ ብቻ ቢሰካ በወረቀት ደረጃ 12 ሰዓት ይሄዳል ማለት ነው።

በወረቀት ደረጃ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በአሲድ ባትሪ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ባትሪው በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ ተብሎ ሲቀዳ የተለካ ነው። ባለ 100ው 5 አምፔር እየሰጠ 20 ሰዓት ይቆያል። በአንድ ሰዓት ላሟጥህ ካላችሁት ግን መቶውን አይሰጣችሁም። ስልሳ ከሰጣችሁም ጥሩ ነው። ጥድፊያ አይወድም።

ታዲያ ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ የሚሉት ለምንድን ነው?

የአሲድ ባትሪ ውስጡ የእርሳስ ሰሌዳዎችና የተቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ናቸው። ኃይል ሲሰጥ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት የሚባል ነገር ይለጠፋል። ወዲያው ቻርጅ ከተደረገ ይሟሟል። ባዶውን ካደረ፣ ከሰነበተ ግን ይደርቅና ይጠነክራል፤ ልክ ጀበና ውስጥ እንደሚጋገር ዝቃጭ። ያ የሰሌዳው ክፍል ከዚያ በኋላ አይሠራም። ስለዚህ ባለሙያዎች ባትሪው ከግማሽ በታች እንዳይወርድ ይመክራሉ። የእኔ 1200 ዋት ሰዓት እንግዲህ በአንድ ጊዜ 600 ሆነ። እኔ ግን በየማታው እስኪጮህ፣ ከጮኸም በኋላ እስኪጠፋ እጠቀም ነበር።

ከዚህ የባሰው የመኪና ባትሪ ለቤት ማዋል ነው። የመኪና ባትሪ ሰሌዳው ቀጭን ነው። ሥራው ለጥቂት ሴኮንድ ከባድ ኃይል ሰጥቶ ሞተር ማስነሳት ነው፤ ከዚያ መኪናው መልሶ ይሞላዋል። አጭር ርቀት የሚሮጥን ሯጭ ማራቶን እንደማስሮጥ ነው። ለቤት የሚሆነው ሰሌዳው ወፍራም የሆነውና ዲፕ ሳይክል የሚባለው ነው። ሲገዙ በስሙ መጠየቅ ነው።

ሊቲየም ሌላ ፍጥረት ነው። ለቤት በብዛት የሚሸጠው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ 80 ወይም 90 በመቶውን ብትጠቀሙም አይቀየምም። በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ተሞልቶ ይቀዳል። ዋጋው ያስደነግጣል። ግን የአሲዱን ግማሽ ብቻ እንደምትጠቀሙ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥም እንደምትቀይሩት ካሰባችሁ ልዩነቱ መጀመሪያ የመሰላችሁን ያህል አይደለም።

ለእኔ ቤት ስንት ይበቃል?

እስክሪብቶ አንሡ። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ባትሪ ይገዛና ኋላ ምን ልሰካበት ይላል። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው።

አንድ ቤት እንውሰድ። ዋይፋዩ 10 ዋት ይበላል። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል አራት፣ 36 ዋት። ቴሌቪዥኑ 80፣ ላፕቶፑ 60። ሲደመር 186 ዋት። መብራት ጠፍቶ 5 ሰዓት ቢቆይ 930 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ኢንቨርተሩም ሥራውን ሲሠራ የሚያባክነው አለ፤ 15 በመቶ ያዙለት። ወደ 1100 ይጠጋል። አሲድ ባትሪ ከሆነ ግማሹን ብቻ ስለምንጠቀም እጥፉን እንፈልጋለን፤ 2200። እንግዲህ ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት (2400 ዋት ሰዓት) ይበቃል። አንዲት ባለ 100 ሊቲየም ደግሞ ቮልቷ 12.8 ስለሆነ 1280 ዋት ሰዓት ገደማ አላት፤ 80 በመቶዋን ብንወስድ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ትሄዳለች።

ፍሪጅስ? ፍሪጅ ሲሠራ 100 ወይም 150 ዋት ነው የሚበላው፤ እያረፈም ይሠራል። ችግሩ ሲነሳ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ለቅጽበት ከዚያ ብዙ እጥፍ ይስባል። ኢንቨርተሩ የሚጮኸውና የሚጠፋው በዚያች ቅጽበት ነው። ደግሞም በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ስለዚህ መብራት ለሁለትና ሦስት ሰዓት ለሚጠፋበት ቤት ፍሪጅን ከባትሪ ጋር ማገናኘት ትርፉ ድካም ነው ባይ ነኝ። ልጆቹን በሩን አትክፈቱ ማለት ከባትሪ ይረክሳል።

የኤሌክትሪክ ምጣድን ግን አታስቡት። ከ3500 ዋት በላይ ይበላል። ከላይ ያለው ባለ 200 ባትሪ በእሱ ላይ ለጥቂት እንጀራ እንኳ አይበቃም። ምድጃውና የውሃ ማፍያውም ቤተሰቦቹ ናቸው። ሙቀት የሚያመነጭ እቃ ሁሉ ባትሪ ይጨርሳል። የሻይ ውሃ በጋዝ ይፈላ።

“2000 ዋት” የሚለው ኢንቨርተር 2000 ዋት ይሰጣል?

ኢንቨርተር የባትሪውን ቀጥተኛ ኃይል ወደ ሶኬታችን 220 ቮልት የሚቀይር ሳጥን ነው። ወደ ሮቶው እንመለስ። ኢንቨርተር የቧንቧው ስፋት ነው። ቧንቧውን ብታሰፉት ሮቶው አይጨምርም፤ ቶሎ ያልቃል እንጂ። “ኢንቨርተሬ 2000 ነው፣ ለምን ሦስት ሰዓት አልሄደም?” የሚለው ጥያቄ ከዚህ ነው የሚመነጨው።

ቁጥሩም ራሱ ይጠረጠራል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው አንዳንዴ ለሴኮንድ ብቻ የሚችለው ጫፍ ነው። ዘወትር የሚችለው የዚያ ግማሽ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴም የሚጻፈው ዋት ሳይሆን ቪኤ (ቮልት አምፔር) ነው። 1000 ቪኤ የሚል ሳጥን 800 ወይም 600 ዋት ብቻ የሚችል ሊሆን ይችላል። ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሿን ጽሑፍ አንብቡ።

ሁለተኛው ነገር የሞገዱ ቅርጽ ነው። ርካሾቹ ኢንቨርተሮች የሚያወጡት እንደ ደረጃ የተሰባበረ ሞገድ ነው። አምፖልና የስልክ ቻርጀር ግድ የላቸውም። ሞተር ያለው እቃ ግን ያጉረመርማል፣ ይሞቃል፣ ዕድሜው ያጥራል። ፍሪጅ፣ የውሃ ፓምፕ ወይም የሕክምና መሣሪያ ካለ “ፒዩር ሳይን ዌቭ” የሚለውን፣ ሞገዱ ያልተሰባበረውን ነው መግዛት።

ሦስተኛውን ሰው ሲያነሳው ሰምቼ አላውቅም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሯ ስስ ነው። ስስ አየር ደግሞ በደንብ አያቀዘቅዝም። ብዙ የኢንቨርተር መመሪያዎች የተጻፈው አቅም እስከ 1000 ወይም እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ድረስ ብቻ እንደሆነ፣ ከዚያ በላይ እንደሚቀንስ ይናገራሉ። ደሴም ደብረ ብርሃንም ያላችሁ እዚሁ ውስጥ ናችሁ። ስለዚህ እስከ ጫፉ አትጫኑት። ማራገቢያው ፊት ጋቢ ወይም መጋረጃ እንዳይንጠለጠልም ተጠንቀቁ።

ሽቦው ለምንድን ነው የሚሞቀው?

የእኔ ቤት ጣጣ ዋናው እዚህ ነበር። ኤሌክትሪሺያኑ መጀመሪያ የዳሰሰው ሽቦውን መሆኑም ያለ ነገር አይደለም።

ከሶኬት 2000 ዋት ስትጠቀሙ በ220 ቮልት 9 አምፔር ብቻ ነው የሚፈሰው። ለዚያ ተራው የሶኬት ሽቦ ይበቃል። ይህንኑ 2000 ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ ለማውጣት ግን 167 አምፔር ያስፈልጋል። ብክነቱ ሲታከል 190 ይጠጋል። ይህ የመበየጃ ማሽን መጠን ነው። በሮቶው ቋንቋ፣ ከፍታው ዝቅ ስላለ ያንኑ ጉልበት ለማግኘት ወንዝ የሚያህል ውሃ መልቀቅ አለባችሁ።

የእኔ ሽቦ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ስኩዌር ነበር። ባትሪው ኮሪደር፣ ኢንቨርተሩ ሳሎን። መካከላቸው 3 ሜትር፤ ደርሶ መልስ 6 ሜትር። በዚህ ሽቦ ውስጥ 100 አምፔር ሲያልፍ መንገድ ላይ ብቻ 1 ቮልት ይጠፋል። ባትሪው 12 ሲሰጥ ኢንቨርተሩ የሚያየው 11 ነው። ብዙ ኢንቨርተር ደግሞ 10.5 አካባቢ ሲደርስ “ባትሪ አለቀ” ብሎ ራሱን ያጠፋል። ባትሪዬ ገና ግማሽ ላይ እያለ፣ ፍሪጁ ሲነሳ ቮልቱ ዝቅ ይልና ይጮሃል። እኔ ባትሪውን እረግማለሁ።

የጠፋው 1 ቮልት የትም አልሄደም። ሙቀት ሆኗል። በ100 አምፔር ሲባዛ 100 ዋት ነው። እንደ ድሮው ባለ መቶ አምፖል፣ እጅ የሚያቃጥለው፣ ያን ያህል ሙቀት ከምንጣፍ ሥር በተዘረጋ ሽቦ ውስጥ አስቡት።

መድኃኒቱ ሦስት ነው። ማሳጠር፣ ማወፈር፣ ቮልቱን ከፍ ማድረግ። ያው 3 ሜትር በ35 ሚሊ ሽቦ ቢሆን የሚጠፋው 0.3 ቮልት ብቻ ነበር። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቮልቱ ነው። በ24 ቮልት ስትሠሩ አምፔሩ በግማሽ ይቀንሳል። ሙቀቱ ግን በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ነው የሚወርደው፤ ምክንያቱም ሙቀቱ የሚከተለው አምፔሩ በራሱ ሲባዛ የሚገኘውን ነው። ስለዚህ ከ1000 ዋት በላይ የሚያስብ ሰው 24 ወይም 48 ቮልት ቢያስብ ይሻለዋል።

ገበያ ላይ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። ላዩ መዳብ የተቀባ፣ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ። ያማረ፣ ርካሽ፣ ቀላል። ኃይል ግን እንደ መዳብ አያሳልፍም። ጫፉን በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጉት፤ ነጭ ካወጣ ይቅርባችሁ።

ሽቦው ጥሩ ሆኖ ማሰሪያው ከላላም ያው ነው። የላላ ተርሚናል ይግላል፣ ይጠቁራል፣ የባትሪውን አናት ያቀልጣል። ከተገጠመ ከአንድ ወር በኋላ ኢንቨርተሩን አጥፍታችሁ ብሎኖቹን እንደገና ጠበቅ አድርጉ። ቀለበትና የብረት ሰዓት አውልቁ። በመፍቻው ሁለቱን ጫፍ በአንዴ መንካት ማለት ብየዳ ማለት ነው፤ ቀለበት ከሆነ ደግሞ ጣት ላይ።

ፊውዝ ለምን? ብሬከር አለኝ እኮ!

ከባድ ስህተት ነው። ሁለቱ የባትሪ ሽቦዎች ቢነካኩ አንድ ባለ 100 ባትሪ ከአንድ ሺህ አምፔር በላይ ሊተፋ ይችላል። ቆጣሪው ጋ ያለው ብሬከር ይህን አያየውም፤ ከኢንቨርተሩ ወዲያ ማዶ ነው ያለው። ስለዚህ በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ፣ ፊውዝ መግባት አለበት። ርቆ ከተገጠመ በባትሪውና በፊውዙ መካከል ያለውን ሽቦ የሚጠብቀው የለም። መጠኑም ሽቦው ከሚችለው በታች ይሁን። ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ኢንቨርተሩን አይደለም።

የቤት ብሬከር አውልቆ እዚህ መግጠምም አይሆንም። የሶኬታችን ኃይል በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ያልፋል። ብሬከሩ ሲቆርጥ የተነሳው ብልጭታ ዜሮዋ ላይ ይሞታል። የባትሪ ኃይል ግን ዜሮ የሚባል ነገር አያውቅም። ብልጭታው ይቀጥላል፣ ብሬከሩን ያቀልጠዋል። ዲሲ (ለባትሪ ቀጥተኛ ኃይል) ተብሎ የተሠራውን፣ ለቮልታችሁ የሚሆነውን ነው መግዛት።

ሁለት ባትሪ ሲሆንስ?

ሮቶ በሮቶ ላይ ስትደርቡ ከፍታ ትጨምራላችሁ። ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ሊትር ትጨምራላችሁ። ባትሪም እንዲሁ ነው። የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ጋር በሰልፍ ስታያይዙ 12ና 12 ተደምሮ 24 ቮልት ይሆናል፤ አምፔር ሰዓቱ ባለበት ነው። ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭን ከኔጌቲቭ ስታያይዙ ቮልቱ 12 እንዳለ አምፔር ሰዓቱ ይደመራል።

ጎን ለጎን ሲሆን ብዙ ገጣሚ የሚስተው ነገር አለ። ወደ ኢንቨርተሩ የሚሄዱትን ሁለቱንም ሽቦዎች ከመጀመሪያው ባትሪ ላይ ያወጣቸዋል። እሱ ቅርብ ስለሆነ አብዛኛውን ሥራ ይሸከማል፤ የመጨረሻው ይተኛል። ፖዘቲቩ ከመጀመሪያው፣ ኔጌቲቩ ከመጨረሻው ይውጣ። ያኔ መንገዱ ለሁሉም እኩል ይሆናል። አንዲት ሽቦ ማዛወር ናት፤ ወጪ የለውም።

አሮጌና አዲስ ባትሪ ማጣመር ግን አይሆንም። ያረጀ በሬና ወይፈን በአንድ ቀንበር ጠምዶ ማረስ ነው። አሮጌው ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎ ያልቃል። አዲሱም በእሱ ልክ ይወርዳል። ዓይነቱ፣ መጠኑ፣ ዕድሜው አንድ ይሁን። ከመያያዛቸው በፊትም እያንዳንዳቸውን ለብቻቸው ሙሉ።

በደንብ መሙላት ማለት ምን ማለት ነው?

ለአሲድ ባትሪ ሰዎች የሚይዙት ልማድ አለ፤ ከአምፔር ሰዓቱ አንድ አሥረኛ። ባለ 200ው በ20 አምፔር ይሞላል። 10 ሰዓት፣ አንዳንዴም 12 ሰዓት ይወስዳል። የመጨረሻዋ 20 በመቶ ናት የምትዘገየው። መብራቱ ለአራት ሰዓት መጥቶ የሚሄድ ከሆነ ባትሪው ጢም ሳይል ይከርማል፤ ያ ሰልፌት ደግሞ ይጋገራል። ገጠር በሶላር የሚጠቀሙም በክረምት፣ ደመና ሲሰነብት፣ ይህ ያጋጥማቸዋል።

አንድ ወዳጄ ቤት ኢንቨርተሩ ማታ ማታ ቻርጅ አልቀበልም ይል ነበር። አምፖሉ በርቷል፤ ኢንቨርተሩ ግን መብራት የለም ብሎ በባትሪ ይሠራል። ነገሩ ሲጣራ ምሽት ላይ ሁሉም ምድጃ ሲለኩስ የሰፈሩ ቮልት ከ170 በታች ይወርዳል። ብዙ ኢንቨርተሮች ሁለት ምርጫ አላቸው። ለኮምፒውተር የሚሆነው “ዩፒኤስ” የሚባለው ከ170 ቮልት በታች ያለውን አይቀበልም። ለቤት እቃ የሚሆነው እስከ 90 ቮልት ድረስ ይታገሣል። ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ አንዷን መስመር መቀየር ነበር መፍትሔው። ሁለት ወር ሙሉ ባትሪ ሲያማ ነበር።

የባትሪ ዓይነት የሚመረጥበትም ቦታ እዚያው አለ። አሲድ አውጥታችሁ ሊቲየም ከተካችሁ ይህን ሳትቀይሩ እንዳትለኩሱት። አንዳንድ የአሲድ ቻርጀር ሰሌዳውን ለማጽዳት ብሎ በየጊዜው ከ15 ቮልት በላይ ይሰጣል። ባለ 12 ቮልቱ ሊቲየም 14.6 ላይ ነው መቆም ያለበት። ሊቲየሙ ውስጥ ቢኤምኤስ የሚባል ጠባቂ ሰርኪት አለ፤ አደጋ ሲያይ ኃይሉን ይቆርጣል። ሲቆርጥ ባትሪው በቴስተር ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ያሳያል። ሞተ ብለው የጣሉት ሰዎች አሉ። ብዙ ጊዜ ለሊቲየም በተሠራ ቻርጀር ይነቃል።

የትኛው ክፍል ላስቀምጠው?

አልጋ ሥር አታድርጉት። ክዳኑ ተከፍቶ ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ይተፋል። ሽታ የለውም። አየሩ ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ በብልጭታ ይፈነዳል። ከአየር ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ክፍሉ ወደ ጣሪያው ጠጋ ያለ መተንፈሻ ይኑረው። ቡና የሚፈላበት ከሰል፣ ሻማ፣ ዕጣን አጠገቡ አይድረስ። ኢንቨርተሩንም ልክ ከባትሪው በላይ አትስቀሉት፤ የአሲዱ እንፋሎት ውስጡን ይበላዋል።

ውሃው ሲጎድል የሚጨመረው ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧም፣ የታሸገ የመጠጥ ውሃም አይሆንም፤ ማዕድናቸው ይቀራል። አሲድም አይጨመርም፤ የተነነው ውሃው ነው እንጂ አሲዱ አይደለም።

ሙቀትም አለ። የአሲድ ባትሪ የሚወደው 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ሰመራ፣ ጋምቤላ ወይም ድሬዳዋ ያለ ሰው ባትሪውን ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ማድረግ የለበትም። በዚህ በኩል ደጋው ታድሏል።

ኢንቨርተሩን ሶኬት ላይ ብሰካው ቤቱ በሙሉ አይበራም?

ይበራል። ሰውም ይገድላል።

ሁለቱም ጫፉ ወንድ ሶኬት የሆነ ገመድ ሠርተው፣ የኢንቨርተሩን ኃይል በግድግዳው ሶኬት በኩል ወደ ቤቱ የሚያስገቡ አሉ። ዋናው ብሬከር ካልጠፋ ኃይሉ በቆጣሪው አልፎ ወደ ሰፈሩ መስመር ይወጣል። ትራንስፎርመሩ ጋ ሲደርስ ደግሞ ተገልብጦ ወደ ሺዎች ቮልት ያድጋል። መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ አለ። መብራቱ በድንገት ሲመጣ ደግሞ ሁለቱ ይጋጩና ኢንቨርተሩ ይቃጠላል። የገመዱ አንድ ጫፍ ከሶኬቱ ሲወጣም ራቁቱን 220 ቮልት ይዞ ነው፤ ልጅ ይነካዋል። ዋናውን ብሬከር አጠፋለሁ ማለትም ዋስትና አይሆንም፤ ጨለማ ውስጥ ሰው ይረሳል። ቼንጅ ኦቨር የሚባል ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ወይ የመንግሥት መብራት ወይ ኢንቨርተር፣ ሁለቱን በአንዴ አያስገባም። እሱን በባለሙያ ማስገጠም ነው።

ከአሜሪካ ቢላክልኝስ?

ውጭ ያሉ ዘመዶች በደግነት የሚልኩት ነገር ነው፤ እጀታ ያለው፣ ባትሪና ኢንቨርተር በአንድ ሳጥን ያለበት ፓወር ስቴሽን። አሜሪካ የተገዛው የሚያወጣው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ (በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚመላለስ) ነው። ባትሪውን የሚሞላበትም ለዚያው ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። መግቢያው ላይ “100–240” ካላለ እዚህ ሶኬት ላይ ከመስካታችሁ በፊት ቆም በሉ። ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የመጣው ቮልቱ ለእኛ ይስማማል።

ሻንጣ ውስጥ አስገብቶ መምጣትም አይቻልም። በመንገደኞች አውሮፕላን እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ሊቲየም በእጅ ሻንጣ ይፈቀዳል። እስከ 160 የአየር መንገዱ ፈቃድ ይጠየቃል። ከዚያ በላይ አይሳፈርም። ዋይፋይና አምፖል የምታስኬደው ያቺ ባለ 100 ሊቲየም 1280 ናት። ኤርፖርት ላይ ጥሎ መምጣት ያማል፤ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ባትሪዬ በሕይወት መኖሩን እንዴት አውቃለሁ?

ቴስተር ግዙ። ባትሪው ሳይሞላም ሳይሠራም ጥቂት ሰዓት ይረፍና ለኩት። ባለ 12 ቮልት አሲድ ባትሪ 12.7 ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 ግማሽ ገደማ ነው። 11.8 ከደረሰ ባዶ ነው በሉት። ሙሉ ሌሊት ቻርጅ ተደርጎ፣ አርፎ፣ 12.3 ላይ ከቀረ ወይ ቻርጀሩ ወይ ባትሪው ታሟል። ለሊቲየም ይህ አይሠራም፤ ሰባ በመቶም ሆነ አርባ በመቶ ላይ 13.2 አካባቢ ነው የሚያሳየው። ለእሱ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚቆጥር መለኪያ ያስፈልጋል።

የእኔ ሁለተኛው ባትሪ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ባለ 35 ሚሊ ሽቦ፣ አንድ ሜትር የማይሞላ። ፊውዙ አጠገቡ። በወር አንዴ ክዳኑን ከፍቼ ውሃውን አያለሁ። ፍሪጁን እስካሁን አላገናኘሁትም። መብራት ሲጠፋ ታናሽ ልጄ ፍሪጁ በር ላይ ቆማ “እንዳትከፍቱ!” ትላለች፤ እኔ ራሴ ውሃ ልቀዳ ስሄድም አታሳልፈኝም።